የጆርጅ ዋሺንግተን ርስትና ኑዛዜ

ጆርጅ ዋሺንግተን በጦር አዝማችነቱና የአሜሪካ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት በመሆኑ የታወቀ ነው። እኛ ግን ስለ ርስቱ ጥቂት እንናገራለን። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1732 በቨርጂኒያ ተወለደ፤ አገሩም ያን ጊዜ በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ነበረች። አባቱ ኦገስቲን በ1743 ሲሞት ጆርጅ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። በኋላ ማውንት ቨርነን የተባለው ሰፊ ርስት በአባት ለሚገናኘው ታላቅ ወንድሙ ለሎረንስ ሲደርስ፣ ለእርሱ አነስ ያለ እርሻና 10 ባሮች ደረሱት። ሰው እንደ ከብት በውርስ የሚተላለፍበት ዘመን ነበርና።

ሎረንስ በ1752፣ ሴት ልጁም በ1754 ሞቱ። የሎረንስ ሚስት በ1761 ስታርፍ ማውንት ቨርነን የጆርጅ ሆነ። እርሱም አስቀድሞ በ1759 ማርታ ከስቲስ የተባለችውን ባለጸጋ መበለት አግብቶ ነበር፤ እርስዋም ከሟች ባልዋ ንብረት ድርሻዋን፣ ባሮች ጭምር፣ ይዛ መጣች።

ጆርጅ በሞተበት ዓመት፣ በ1799፣ ኑዛዜ ጻፈ። የራሱ የሆኑት 123 ባሮች ከሚስቱ ሞት በኋላ ነጻ እንዲወጡ፣ ያረጁትም እንዲጦሩ አዘዘ። ማርታም የሞትዋን ቀን ሳትጠብቅ በ1801 ለቀቀቻቸው። በማውንት ቨርነን የነበሩት 153 የከስቲስ ባሮች ግን በሕግ የከስቲስ ወራሾች ንብረት ስለ ነበሩ፣ ማርታ በ1802 ስትሞት ለልጅ ልጆችዋ ተከፋፈሉ። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ ተጋብተው ስለ ነበር፣ አንዱ ነጻ ሲወጣ ሌላው በባርነት የቀረበት ቤት ነበር።

ተማሪዎች ሆይ፣ የዋሺንግተን ኑዛዜ መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ በጉልበታቸው ከተጠቀመ በኋላ የመጣ ነው። መልካሙን ለኑዛዜ ቀን አናቆየው።