ከልብስ አጣቢነት እስከ ነርስነት፤ የወይዘሪት ሜሪ ማሆኒ ታሪክ

አብረውን ትምህርት ከጀመሩት ጓደኞቻችን መካከል በችግር ምክንያት ደብተራቸውን አጥፈው ወደ ሥራ የሄዱ አሉ። እኛም ስናስባቸው የትምህርት በር ለዘለዓለም የተዘጋባቸው ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አለመሆኑን የሚያስረዳ የአንዲት ሴት ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሜሪ ኢላይዛ ማሆኒ በ1845 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከኖርዝ ካሮላይና የመጡ፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች ነበሩ። ሜሪ በልጅነታቸው ፊሊፕስ በሚባል ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ዕድሜያቸው 18 ገደማ ሲሆንም በኒው ኢንግላንድ የሴቶችና የሕፃናት ሆስፒታል ሥራ ያዙ። ሥራቸውም ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብና ቤት ማጽዳት ነበር። በዚሁም 15 ዓመት ያህል ቆዩ።

በ1878 ዓ.ም. ግን፣ በ33 ዓመታቸው፣ ሲያጸዱት በኖሩት ሆስፒታል ውስጥ ወደ ነበረው የነርሶች ትምህርት ቤት ተማሪ ሆነው ገቡ። ትምህርቱ 16 ወር የሚፈጅና እጅግ አድካሚ ነበር። ተማሪዎቹ ከማለዳ እስከ ሌሊት በሽተኞችንና ወላዶችን ይንከባከባሉ፤ የሐኪሞችን ትምህርት ይሰማሉ፤ በየሰው ቤትም እየሄዱ ያስታምማሉ። ትምህርቱን ከጀመሩት 40 ያህል ሴቶች እስከ ፍጻሜው የጸኑት በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ሜሪ በ1879 ዓ.ም. የምስክር ወረቀታቸውን ተቀበሉ፤ በዚህም በአሜሪካ ሠልጥነው የተመረቁ የመጀመሪያዋ ጥቁር ነርስ ሆኑ።

በዚያ ዘመን ብዙ ሆስፒታሎች በዘር አድልዎ ምክንያት ጥቁር ነርስ አይቀጥሩም ነበርና፣ ለብዙ ዓመታት በየቤቱ በሽተኞችን አስታመሙ። በ1908 ዓ.ም. የጥቁር ነርሶች ብሔራዊ ማኅበር በተቋቋመ ጊዜ ደጋፊው ሆኑ፤ በሚከተለው ዓመት በቦስተን በተደረገው የማኅበሩ የመጀመሪያ ጉባኤም የአቀባበል ንግግር አደረጉ። በ1926 ዓ.ም. በ80 ዓመታቸው ዐረፉ። ማኅበሩም በ1936 ዓ.ም. በስማቸው ሽልማት አቆመ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በማጠቢያውና በማብሰያው ቤት ያለፈው 15 ዓመት ሜሪን ከትምህርት አላገዳቸውም። ሁለተኛ፣ የሜሪ ትጋት ብቻውን በቂ አልነበረም፤ በሩን የከፈተላቸው ትምህርት ቤትም ያስፈልግ ነበር። በወንጌሉ ምሳሌ የወይኑ አትክልት ባለቤት በአሥራ አንደኛው ሰዓት የመጡትን ሠራተኞች እንዳልናቀ ተምረናል።

ስለዚህ ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ዘግይቶ ሲመለስ ዕድሜውን ሳይሆን ፈቃዱን ተመልከቱለት። እኛም ተማሪዎች፣ ከእኛ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ከኋላችን ወንበር ሲቀመጥ፣ በመሣቅ ፈንታ ያመለጠውን ትምህርት እንዲገለብጥ ደብተራችንን እናውሰው።