ፌሊክስ ዴሬል፦ የባክቴሪያን ጠላት ያገኙት ተመራማሪ

በሽንት ቱቦ፣ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ፣ በቁስልና በውኃ መስመር ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች ራሳቸው በሚያመነጩት ልጋግ መሰል ሽፋን ውስጥ ይሸሸጋሉ። ባዮፊልም የሚባለው ይህ ሽፋን የአንቲባዮቲክ መድኃኒቶችን ኃይል ያዳክማል። ዛሬ ይህን ምሽግ ለማፍረስ ከሚጠኑት መንገዶች አንዱ ባክቴሪያን ከሚያጠቁ ቫይረሶች የሚወሰዱ ኢንዛይሞችን መጠቀም ነው። የሥራው መነሻ ከመቶ ዓመት በፊት ፌሊክስ ዴሬል ያደረጉት ምርምር ነው።

ጉዳዩ ለአቡ ዳቢና ለአል ዐይን ነዋሪዎችም ቅርብ ነው። የኤሚሬቱ የመጠጥ ውኃ በአብዛኛው ጨው ከተወገደለት የባሕር ውኃ የሚገኝ ሲሆን፣ የአል ጠዊላ ማምረቻ ብቻ በቀን 909,000 ሜትር ኩብ እንዲያመርት ተገንብቷል። ለአል ዐይን የሚሆን ውኃም ከፉጃይራ ጠረፍ ተነሥቶ በረጅም የቧንቧ መስመር ይጓዛል። ባዮፊልም በማጣሪያዎች ላይ ሲያድግ ውኃ የማሳለፍ አቅማቸው ይቀንሳል፤ የኃይል ፍጆታም ይጨምራል። በሆስፒታል ሲያድግ ደግሞ የሚጎዳው የሰው ሕይወት ነው።

ዴሬል እ.ኤ.አ. በ1873 ተወለዱ። የትውልድ ቦታቸው ለረጅም ጊዜ ሞንትሪያል እንደሆነ ሲነገር ቢቆይም፣ ኋላ የተገኙ ሰነዶች ፓሪስ መሆኑን አሳይተዋል። በሳይንስ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበራቸውም፤ የማይክሮባዮሎጂ ዕውቀታቸውን ያካበቱት በራሳቸው ጥረት ነው። በጓቲማላና በሜክሲኮ ሲሠሩ አንበጣን የሚገድል ባክቴሪያ አጠኑ። ይህ ሥራ በፓሪስ ወደሚገኘው የፓስተር ተቋም አደረሳቸው፤ ኋላም የአንበጣ መንጋን ለመከላከል ወደ አርጀንቲናና ወደ ሰሜን አፍሪካ ተጉዘዋል።

ታላቁ ግኝት የመጣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ነው። በ1915 በፓሪስ አቅራቢያ የሰፈሩ ፈረሰኛ ወታደሮች በደም ተቅማጥ ተያዙ። ዴሬል የሕሙማኑን ሰገራ ባክቴሪያን በማያሳልፍ የሸክላ ማጣሪያ አጥልለው ከተቅማጡ ባክቴሪያ ጋር ቀላቀሉት። የደፈረሰው ፈሳሽ ጠራ፤ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይም ባዶ ነጠብጣቦች ታዩ። ከጠራው ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ ወደ አዲስ ባክቴሪያ ሲጨመር ውጤቱ ተደገመ፤ ደጋግሞ በመቅዳትም ኃይሉ አልደከመም። ስለዚህ ባክቴሪያውን የሚያጠፋው ነገር የሚራባ ቫይረስ ነው ብለው ደመደሙ። በመስከረም 1917 ግኝታቸው በፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሲቀርብ ቫይረሱን ባክቴሪያ በላ የሚል ትርጉም ባለው ባክቴሪዮፋጅ በሚል ቃል ሰየሙት።

በ1919 ዝግጅቱን በቅድሚያ ራሳቸው ቀምሰው ደኅንነቱን ካረጋገጡ በኋላ፣ በፓሪስ የሕፃናት ሆስፒታል በደም ተቅማጥ የታመመ የ12 ዓመት ልጅ እንዲታከምበት አደረጉ፤ ልጁም ዳነ። በግብፅ የባሕር ጤና ጥበቃና የኳራንቲን ምክር ቤት ሲሠሩም፣ በ1925 በስዊዝ ቦይ በመርከብ ላይ ቸነፈር የያዛቸውን አራት ሰዎች ፋጁን በንፍፊታቸው ውስጥ በመርፌ በመስጠት አከሙ፤ አራቱም ተረፉ። ከዚያ በሕንድ ኮሌራን ለመከላከል ሠሩ፤ በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲም ፕሮፌሰር ሆኑ።

ዝናቸው ግን ከክርክር አልተለየም። የኖቤል ተሸላሚው ቤልጂጋዊ ዡል ቦርዴ፣ ባክቴሪያን የሚያሟሟው ቫይረስ ሳይሆን ባክቴሪያው ራሱ የሚያመነጨው ኢንዛይም ነው ሲሉ ሞገቱ። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ትዎርት ተመሳሳይ ክስተት በ1915 ማሳተማቸውም የቀዳሚነት ክርክር አስነሣ። በፓሪስ በዴሬል ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ቭላዲሚር ሴርቲች በ1929 ከአንድ ፋጅ የሚወጣ የሚያሟሙ ባሕርይ ያለው ንጥረ ነገር መኖሩን ገለጹ፤ ንጥረ ነገሩ ከነጠብጣቡ ዳር አልፎ በመሰራጨት ዙሪያውን ቀለበት ይሠራ ነበር። በ1940 በጀርመን የታተሙ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምስሎች ፋጅ በእርግጥ ቅንጣት መሆኑን አሳዩ። ዴሬል ስለ ቫይረሱ ትክክል ነበሩ፤ ባክቴሪያን በማሟሟቱ ሥራ ኢንዛይም መኖሩም እውነት ነበር። ኢንዛይሙን የሚያሠራው ግን የቫይረሱ ዘረመል ነው።

ዴሬል በ1933 ወደ ትብሊሲ አቅንተው ከጆርጂያዊው ጊዮርጊ ኤሊያቫ ጋር ሠሩ። ኤሊያቫ በ1937 በስታሊን ዘመን ተገደሉ። በምዕራቡ ዓለም ደግሞ ጥራት የጎደላቸው የንግድ ዝግጅቶች እምነት አሳጡ፤ ፔኒሲሊን ሲስፋፋም ፋጅ ተረሳ። ለኖቤል ሽልማት በተደጋጋሚ የታጩት ዴሬል ሽልማቱን ሳያገኙ የካቲት 1949 በፓሪስ አረፉ።

ትኩረቱን የመለሰው የባክቴሪያዎች መድኃኒት መላመድ ነው። በ2019 መድኃኒትን የተላመዱ ባክቴሪያዎች በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ለሚገመቱ ሞቶች ቀጥተኛ ምክንያት ሆነዋል። ዛሬ የሚጠኑት የፋጅ ኢንዛይሞች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ዲፖሊሜሬዝ የሚባሉት ሲሆኑ፣ ባክቴሪያውን የከለለውን የስኳር ልጋግ ይቆራርጣሉ። ኤንዶላይሲን የሚባሉት ደግሞ የባክቴሪያውን ግድግዳ ያፈርሳሉ። በ2001 በኒው ዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተጣራ ኤንዶላይሲን በአይጦች ላይ የስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያን በፍጥነት እንደሚያጠፋ አሳይተዋል።

መንገዱ ግን ገና አልተጠናቀቀም። አንዱ ኢንዛይም የሚሠራው በተወሰኑ የባክቴሪያ ዓይነቶች ላይ ነው፤ በደም ውስጥ የገባ ስታፊሎኮከስን ለማከም በኤንዶላይሲን ይካሄድ የነበረ ትልቅ የሰው ሙከራም የሚጠበቀውን ጥቅም ባለማሳየቱ በ2022 ተቋርጧል። በመሆኑም ለአቡ ዳቢም ሆነ ለአል ዐይን ነዋሪ ዛሬ በእጅ ያለው መከላከያ ቀላል ነው፦ አንቲባዮቲክን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ መውሰድ፣ የታዘዘውን በታዘዘው መሠረት መጨረስ፣ የተረፈውን ለሌላ ሰው አለማካፈልና እጅን በሚገባ መታጠብ። የዴሬል ሕይወትም የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ ተስፋ የተጣለበት መድኃኒት የሚጸናው በጥንቃቄ ሲመረመርና በአግባቡ ሲያዝ ነው።