ኢሳዶራ ዳንካንና የሕፃናት ዳንስ ትምህርት

ሕፃን ልጅን እጅህን ቀስ አድርገህ አንሣ ቢሉት እጁን ብቻ ያነሣል። ክንፏን እንደምትዘረጋ ወፍ ሁን ቢሉት ግን አንገቱም፣ ደረቱም፣ ዓይኑም ከእጁ ጋራ አብረው ይነሣሉ። በዳንስ ትምህርት ይህን መንገድ ከተከተሉት መምህራን መካከል ስመ ጥሯ ኢሳዶራ ዳንካን አንዷ ናት።

ኢሳዶራ የተወለደችው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1877 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ነው። የአባቷ ባንክ ስለ ከሰረ እናቷ ፒያኖ እያስተማረች አራት ልጆቿን በችግር አሳደገች። ኢሳዶራም ገና በልጅነቷ የሰፈር ልጆችን ሰብስባ ዳንስ ታስተምር ነበር። በ1899 ዓ.ም. ወደ አውሮጳ ተሻገረች፤ በዚያም በባዶ እግሯ እየደነሰች ስሟ ተጠራ።

በዚያን ዘመን የባሌት ተማሪዎች በግድግዳ ላይ የተተከለውን እንጨት ይዘው፣ እግራቸውን ወደ ውጭ አዙረው አንዱን እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ ይደጋግሙ ነበር። ኢሳዶራ በሩሲያ አገር ትንንሽ ልጃገረዶች በእግር ጣታቸው ጫፍ ቆመው ሲለማመዱ አይታ እጅግ አዘነች። በ1904 ዓ.ም. ከእኅቷ ከኤልሳቤጥ ጋራ በበርሊን አጠገብ በግሩኔቫልድ ትምህርት ቤት ከፈተች። ልጆቹ ያለ ክፍያ ይማሩ ነበር፤ ወጪውንም የምትሸፍነው በመድረክ ደንሳ በምታገኘው ገንዘብ ነው። ልጆቹ በመጀመሪያ ሰውነታቸውን በስፖርት ያጠነክራሉ፤ ከዚያም የደመናን ጉዞ፣ በነፋስ የሚወዛወዝን ዛፍ፣ የወፍንም በረራ እየተመለከቱ፣ ያዩትን በልባቸው አሳድረው ይንቀሳቀሳሉ።

በ1913 ዓ.ም. ከባድ ሐዘን ደረሰባት። ሁለቱ ልጆቿ ከሞግዚታቸው ጋራ የተቀመጡበት መኪና በፓሪስ ከሴን ወንዝ ገብቶ ሦስቱም ሞቱ። ኢሳዶራ ግን የሌሎችን ልጆች ማስተማር አልተወችም። በ1914 ዓ.ም. በፓሪስ አቅራቢያ የከፈተችው ትምህርት ቤት በጦርነቱ ምክንያት ሆስፒታል ሆነ። በ1921 ዓ.ም. ደግሞ በሞስኮ ሌላ አቋቋመች። በ1927 ዓ.ም. በኒስ ከተማ የአንገት ልብሷ ከመኪና ጎማ ተጠምጥሞ ሕይወቷ አለፈ። ደቀ መዛሙርቷ ግን ትምህርቷን ቀጠሉ፤ ከእነርሱም አንዷ ኢርማ የሞስኮውን ትምህርት ቤት መርታለች።

ባሌትም በበኩሉ እንጨቱንና ልምምዱን አልጣለም፤ ያለ እነርሱ እግር አይጠነክርምና። ይሁን እንጂ ዛሬ ብዙ የባሌት መምህራን ትንንሽ ልጆችን በምሳሌ ያስተምራሉ። ጀርባው እንዲቀና ከአናትህ ላይ ክር ወደ ላይ እንደሚስብህ አስብ ይሉታል፤ ዘሎ ሲያርፍ ጉልበቱን እንዲያጥፍና እግሩ እንዳይጎዳ እንደ ድመት ረፍ ይሉታል። ሕፃኑ የጡንቻዎችን ስም አያውቅም፤ ድመትን ግን ያውቃታል። ስለዚህ መልካም መምህር ልጁ ከሚያውቀው ተነሥቶ ወደማያውቀው ይመራዋል። ኢሳዶራም ገንዘቧንና ዕድሜዋን ያፈሰሰችው ለዚሁ ዓላማ ነበር።