ሁሴን የሚለው ስምና በላዩ ያለው አደራ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ በባሌ ደጋ ከጎባ እስከ ሮቤ፣ ከዚያም እስከ ቆላው ድረስ ሁሴን የሚለው ስም የማይጠራበት መንደር ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ልጃችንን በዚህ ስም ስንጠራው በየትኛው ሁሴን እንደ ሰየምነው እናውቃለንን? ሐቀኛ ነጋዴ የአንዱን ገበሬ እህል ከሌላው ቀላቅሎ በአንድ ስም አይሸጥም። የደጋግ ሰዎችንም ሥራ መቀላቀል አይገባም፤ ስለዚህ ለይተን እንወቃቸው።

የመጀመሪያው የዐሊና የፋጢማ ልጅ፣ የነቢያችን የልጅ ልጅ፣ ኢማም ሁሴን ረዲየላሁ ዐንሁ ናቸው። በሂጅራ በ4ኛው ዓመት በመዲና ተወለዱ። ሙዓዊያ በሞቱ ጊዜ ልጃቸው የዚድ ቃል ኪዳን እንዲገቡለት ቢጠይቃቸው እምቢ አሉ። የኩፋ ሰዎችም ወደ እኛ ይምጡ እያሉ በየስማቸው ብዙ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ኢማሙ አስቀድመው የላኩት የአጎታቸው ልጅ ሙስሊም ኢብን ዐቂል ግን በኩፋ ተገደለ፤ ደብዳቤ የጻፉትም ከዱ። በሂጅራ 61 ዓመት ሙሐረም 10 ቀን፣ ማለት በ680 እ.ኤ.አ.፣ በከርበላ ሜዳ የፉራትን ውሃ ተከልክለው ከ70 ከሚበልጡ ተከታዮቻቸው ጋር ተገደሉ። ስማቸውን የጻፉት ብዙዎች ነበሩ፤ በቃላቸው የቆሙት ግን ጥቂቶች። ነጋዴ ሆይ፣ በውል ወረቀት ላይ ስምህን በምትጽፍበት ጊዜ ይህን አስብ።

ሁለተኛው በብዙ መቶ ዓመት ኋላ የመጡት የባሌው ሼክ ሁሴን ናቸው፤ ኑር ሁሴንም ይባላሉ። በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዘመን መካከል እንደ ኖሩ ይነገራል። አናጂና በተባለችውና ድሬ ሼክ ሁሴን በምትሰኘው ስፍራ ተቀምጠው እስልምናን አስተማሩ፤ መቃብራቸውም በዚያው ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የነገሡት የሐረሩ አሚር ዐብዱሽኩር በመቃብራቸው ላይ ቁባ እንዳሠሩ ይነገራል። ታሪካቸውን የያዘው ረቢዑል ቁሉብ የተባለው የዐረብኛ መጽሐፍም በ1927 እ.ኤ.አ. በካይሮ ታትሟል። ዘያሪዎች ጫፉ መንታ የሆነ በትር ይዘው ከአርሲ፣ ከባሌና ከሐረርጌ ወደ ስፍራቸው ይጓዛሉ። ነገር ግን በትሩን ይዞ ሄዶ ትምህርታቸውን ትቶ የሚመለስ ሰው መንገዱን እንጂ ሰውየውን አላወቀም። እኒህ ሰው የሚታወሱት ያላወቀውን ሕዝብ በትዕግሥት ስላስተማሩ ነውና።

ሦስተኛው በ19ኛው መቶ ዘመን በወሎ የኖሩት ሼክ ሁሴን ጅብሪል ናቸው። ስለ ነገሥታትና ስለሚመጣው ዘመን በአማርኛ የተናገሯቸው ግጥሞች በሕዝብ አፍ ተላልፈው ኖረው በኋላ ተጻፉ። በአፍ የሚሄድ ነገር ግን በየመንገዱ ይጨመርበታል። ስለዚህ ያላረጋገጥነውን ቃል እርሳቸው ብለዋል ብለን ብንናገር፣ የሞተውን ሰው በስሙ መዋሸት ይሆንብናል። እርሱም ተነሥቶ አላልኩም ሊል አይችልም።

እነሆ፣ ስሙ አንድ ነው፤ ሥራው ግን ሦስት። አንዱ ቃሉን አላጠፈም፤ ሁለተኛው ሕዝብን አስተማረ፤ ሦስተኛው በቃሉ ታወሰ። ከሦስቱም አንዱ እንኳ በስሙ አልከበረም፤ ስሙ በእነርሱ ከበረ እንጂ።

አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ሁሴን ብላችሁ የጠራችሁት ልጅ በቂያማ ቀን ስለ ስሙ ሳይሆን ስለ ሥራው ይጠየቃል፤ እናንተም እንዴት እንዳሳደጋችሁት ትጠየቃላችሁ። ስሙን በነጻ ሰጣችሁት፤ የቀረው ዕዳ አለባችሁ። ቁርኣን አስቀሩት፤ በሚዛን እንዳያጎድል፣ የገባውን ቃል እንዳያጥፍ፣ ያልሰማውን ሰማሁ እንዳይል በሱቃችሁ ውስጥ በሥራችሁ አሳዩት። በየትኛው ሁሴን እንደ ተሰየመ በጠየቃችሁም ቀን ታሪኩን ሳትቀላቅሉ ንገሩት።

አላህ ስማችንን ከሥራችን ጋር ያስማማልን፤ ልጆቻችንንም ከደጋጎቹ ያድርግልን። አሚን።