ሆሴ ሪዛልና የካላምባው ቤት

በፊሊፒንስ አገር፣ ከዋና ከተማዋ ከማኒላ በስተ ደቡብ፣ ካላምባ የምትባል ከተማ አለች። በአንድ ወገን የማኪሊንግ ተራራ፣ በሌላው ወገን ላጉና የተባለው ሰፊ ሐይቅ ያዋስኗታል። ተማሪዎች ሆይ፣ በሐሳባችሁ ወደዚህች ከተማ ዝለቁና ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ከሚገኝ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ደጃፍ ላይ ቁሙ። ምድር ቤቱ በድንጋይ የተገነባ፣ ፎቁ በእንጨት የተሠራ፣ ጣራው በቀይ ሸክላ የተከደነ ነው። መስኮቶቹ መስታወት የላቸውም። በመስታወት ፈንታ ከባሕር ዛጎል የወጣ ስስ ቅርፊት በትናንሽ የእንጨት ክፈፎች ውስጥ ተሰክቶባቸዋል፤ ብርሃን ያሳልፋል እንጂ ዐይን አያሳልፍም። በእስፓኝ የቅኝ ግዛት ዘመን ሀብት ያላቸው የአገሩ ሰዎች የሚኖሩት እንዲህ ባለ ቤት ነበር። ምድር ቤቱ የሠረገላና የእህል ማስቀመጫ ሲሆን፣ ቤተ ሰቡ የሚበላውና የሚተኛው ከላይ ነው።

በዚህ ስፍራ ጁን 19 ቀን 1861 ዓ.ም. ሆሴ ሪዛል ተወለደ። (በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስተውሉ።) ሆሴ ከአሥራ አንድ ልጆች ሰባተኛው ነበር። ከ7,000 በላይ ደሴቶች ያሏት አገሩ በዚያን ጊዜ በእስፓኝ ቀንበር ሥር ከወደቀች ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። ስሟ እንኳ የተወሰደው ከእስፓኝ ንጉሥ ከዳግማዊ ፊሊፕ ነው።

በካላምባ ዙሪያ የሚታየው ሰፊ እርሻ የዶሚኒካን ማኅበር መነኮሳት ርስት ነበር። የሆሴ አባት ፍራንሲስኮ መርካዶ ከዚሁ ርስት መሬት ተከራይተው ሩዝና ሸንኮራ አገዳ ያመርቱ ነበር። እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉ። ባለ ፎቅ ቤት የሠሩት፣ ሠረገላ ያላቸው፣ ልጆቻቸውን ማኒላ ድረስ ልከው የሚያስተምሩት እኚህ ሰው በመሬት ረገድ ጭሰኛ ነበሩ። ኑሯቸው የቆመው በሌላ ባለቤት መሬት ላይ ነበር። ይህን ካልያዛችሁ ከዚህ በኋላ በቤቱ ላይ የደረሰው መከራ ከየት እንደ መጣ አይገባችሁም።

እናቱ ቴዎዶራ አሎንሶ በማኒላ ኮሌጅ የተማሩ፣ በዚያ ዘመን ሴቶች እምብዛም ያላገኙትን የንባብ ዕድል ያገኙ ነበሩ። ፊደል ያስቈጠሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ምሽት በኮኮናት ዘይት መብራት አጠገብ ተቀምጠው ለልጆች የተዘጋጀ የእስፓኝ ቋንቋ መጽሐፍ ያስነብቡት ነበር። የልጁ ሐሳብ ግን ከመጽሐፉ ሸሽቶ በመብራቱ ዙሪያ ከሚሽከረከሩት ነፍሳት ጋር ሄደ። እናቱ ይህን ባዩ ጊዜ፣ የእናቷን ምክር ንቃ ወደ ነበልባሉ ስለ ቀረበችና ክንፏ ተቃጥሎ ስለ ሞተች አንዲት የእሳት ራት የሚናገር ተረት አነበቡለት። (በቋንቋችን ይህችን ፍጥረት የእሳት ራት ብለን መጥራታችን ተረቱን በሁለት ቃል እንደ መናገር ነው።) ሆሴ በወጣትነቱ በጻፈው የትዝታ ማስታወሻ እንደ ገለጸው ግን ተረቱ ያሳደረበት ስሜት እናቱ ካሰቡት የተለየ ነበር። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ብርሃኑ ይበልጥ አማረበት፤ በእሳቱ የሞቱትንም ነፍሳት ለመንቀፍ ልቡ አልፈቀደም።

ሆሴ አሥር ወይም አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው ጭቈና ቤታቸው ድረስ መጣ። እናቱ የወንድማቸውን ሚስት በመርዝ ለመግደል አሢረዋል ተብለው በሐሰት ተከሰሱ። እንደሚተረከው፣ ነገሩን ካቀጣጠሉት ሰዎች አንዱ ለፈረሱ ቀለብ በመከልከሉ ቂም የያዘ የዘበኞች ሹም ነበር። እኚህ የተከበሩ እመቤት ከካላምባ እስከ ሳንታ ክሩዝ ከተማ ድረስ፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል፣ በእግራቸው ተነድተው ሄዱ፤ ሁለት ዓመት ተኩል ያህልም ታስረው ቆዩ። በ1872 ዓ.ም. ደግሞ ሦስት የፊሊፒንስ ካህናት በዐመፅ ተወንጅለው ማኒላ ውስጥ በአደባባይ ተገደሉ። የሆሴ ታላቅ ወንድም ፓሲያኖ ከሦስቱ የአንዱ ደቀ መዝሙር ስለ ነበረ መርካዶ የሚለው ስም በባለ ሥልጣኖች ዘንድ በጥርጣሬ የሚታይ ሆነ። ሆሴ ወደ ማኒላ ትምህርት ቤት ሲገባ ሪዛል በሚለው በሁለተኛው የቤተ ሰብ ስም የተመዘገበው ስለዚህ ነው።

ስለ ትምህርቱ ብዙ መዘርዘር አያስፈልግም። በማኒላ በከፍተኛ ማዕረግ ተማረ፤ በ1882 ዓ.ም. ወደ እስፓኝ ተሻገረ፤ በማድሪድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናንና ፍልስፍናን አጠና። ቀጥሎም በፓሪስና በሃይደልበርግ በታወቁ ሐኪሞች ሥር የዐይን ሕክምና ተለማመደ። ይህን ሙያ የመረጠበት ምክንያት እሩቅ አይደለም። መጽሐፍ ያስነበቡት የእናቱ ዐይኖች መፍዘዝ ጀምረው ነበር። ከዓመታት በኋላም የእናቱን ዐይን በገዛ እጁ ቀዶ ብርሃናቸውን መልሶላቸዋል።

በ1887 ዓ.ም. ኖሊ ሜ ታንጌሬ የተባለውን ልብ ወለድ በርሊን ውስጥ አሳተመ። ርእሱ ከዮሐንስ ወንጌል የተወሰደ የላቲን ቃል ሲሆን፣ አትንኪኝ ማለት ነው። ለማተሚያ የሚከፍለው ገንዘብ አጥቶ በችግር ላይ ሳለ፣ አንድ ጓደኛው ባበደረው ገንዘብ 2,000 ቅጂ ሊታተም ቻለ። በመጽሐፉ ውስጥ ሥልጣናቸውን ያለ አግባብ የሚጠቀሙ መነኮሳትና የመንግሥት ሹሞች ገመና ተገልጧል። የተጻፈው በገዢዎቹ ቋንቋ ስለሆነ አብዛኛው የአገሩ ሕዝብ ሊያነበው አይችልም ነበር። ሆኖም ባለ ሥልጣኖቹ መጽሐፉን በከለከሉት መጠን ዝናው በሕዝቡ መካከል በአፍ እየተላለፈ ሄደ። ደራሲን ታዋቂ በማድረግ ረገድ እንደ ከልካይ የሚተጋ የለም።

በዚያው ዓመት ሪዛል ዘመዶቹ እየፈሩለት ወደ ካላምባ ተመለሰ፤ የዐይን ሕመምተኞችንም ማከም ጀመረ። የካላምባ ገበሬዎች በመሬት ኪራይ መናር ተማርረው ስለ ነበር፣ ስለ ርስቱ ስፋት፣ ስለ ኪራዩ መጠንና ስለ ጭሰኞቹ አበሳ መረጃ ሰብስቦ በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ ለመንግሥት የሚቀርብ አቤቱታ አዘጋጀላቸው። ገበሬዎቹም ፈረሙበት። ይህ ወረቀት ከልብ ወለዱ ይልቅ የርስቱን ባለቤቶች እንዳስቈጣ ለመገመት አያስቸግርም። ልብ ወለድ ስሞችን ቀይሮ ይናገራል፤ አቤቱታው ግን የኪራዩን ሒሳብ በቁጥር ይዞ ቀርቧል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሪዛል አገሩን ለቆ እንዲሄድ ተገደደ።

እሱ በባሕር ማዶ ሳለ ቅጣቱ በቤተ ሰቡ ላይ ወረደ። በ1889 ዓ.ም. የእኅቱ ባል በኮሌራ ሲሞት፣ በቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር እንዳይቀበር ተከለከለ። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሲታይ ቆይቶ ለመነኮሳቱ ተፈረደ። ከዚያም ገዢው ጄኔራል ዌይለር ወታደር አዘመተ፤ ጭሰኞቹ ከነልጆቻቸው ከመሬታቸው ተነቀሉ፤ ቤቶች ፈረሱ። የሪዛል ወላጆችም ያን ባለ ፎቅ ቤት ትተው ወጡ። ፓሲያኖና ሌሎች ዘመዶቹ ወደ ሚንዶሮ ደሴት ተጋዙ። በ1891 ዓ.ም. ቤልጅግ ውስጥ በጌንት ከተማ የታተመው ሁለተኛው ልብ ወለዱ፣ ኤል ፊሊቡስተሪስሞ፣ ከመጀመሪያው ይልቅ መራራ ሆኖ ብታገኙት አትደነቁ። መታሰቢያነቱም በ1872 ዓ.ም. ለተገደሉት ለሦስቱ ካህናት ነው።

በ1892 ዓ.ም. ሪዛል በገዛ ፈቃዱ ወደ ማኒላ ተመልሶ ሕዝቡን በሰላማዊ መንገድ ለማደራጀት አንድ ማኅበር መሠረተ። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ተይዞ ወደ ደቡቡ ደሴት ወደ ሚንዳናኦ፣ ዳፒታን ወደምትባል ሩቅ ስፍራ ተጋዘ። በዚያ አራት ዓመት ቆየ። የግዞቱን ዘመን በቁዘማ አላሳለፈውም። ቤት ሠራ፤ ሕመምተኞችን አከመ፤ ለከተማይቱ ውኃ ስቦ አመጣ፤ በአደባባዩም ላይ የሚንዳናኦን ካርታ በአፈርና በድንጋይ ቀረጸ። ለወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ልጆቹ የሚከፍሉት በገንዘብ ሳይሆን በአትክልት ቦታው በሚሠሩት ሥራ ነበር።

በኦገስት 1896 ዓ.ም. በአንድሬስ ቦኒፋሲዮ መሪነት የትጥቅ አብዮት ተነሣ። ሪዛል ጊዜው አልደረሰም ብሎ ያምን ስለ ነበር ዐመፁን አልደገፈም፤ ስለዚህም ነገር የታሪክ ሰዎች ሲከራከሩበት ኖረዋል። ገዢዎቹ ግን ይህን ልዩነት ከቁጥር አላስገቡትም። በሐኪምነት ለማገልገል ወደ ኩባ በመጓዝ ላይ ሳለ ይዘው መለሱት፤ የጦር ፍርድ ቤትም ሞት ፈረደበት። በመጨረሻው ዕለት እናቱና እኅቶቹ ሊሰናበቱት መጡ። እሱም አንዲት ትንሽ የአልኮል ማንደጃ ለእኅቱ ለትሪኒዳድ እንድትሰጥ አደረገና፣ ጠባቂዎቹ እንዳይሰሙ በእንግሊዝኛ ቋንቋ በውስጧ ነገር እንዳለ ነገራት። በማንደጃዋ ውስጥ የተሸሸገው አሥራ አራት አንጓ ያለው የስንብት ግጥም ነበር። ዲሴምበር 30 ቀን 1896 ዓ.ም. ማለዳ በማኒላ ባጉምባያን ሜዳ ላይ በጥይት ተደበደበ። ዕድሜው 35 ነበር። አስከሬኑ በድብቅ ሲቀበር፣ ናርሲሳ የተባለችው እኅቱ ፈልጋ አገኘችው፤ ቦታው እንዳይጠፋም የስሙን መነሻ ፊደላት ገልብጣ በማስጻፍ ምልክት አኖረችበት። ዛሬ ዐፅሙ ያረፈው እዚያው በተገደለበት ሜዳ፣ ከሐውልቱ ሥር ነው።

አሁን ወደ ካላምባ እንመለስ። መጀመሪያ ላይ በዚህ ስፍራ ተወለደ አልኋችሁ እንጂ በዚህ ቤት ተወለደ አላልኋችሁም። የመርካዶ ቤተ ሰብ ተባርሮ የወጣበት የመጀመሪያው ቤት ቆሞ አልቆየም። ያያችሁት ቤት ሁዋን ናክፒል በተባለ ፊሊፒናዊ የሥነ ሕንፃ ባለ ሙያ ንድፍ መሠረት በዚያው ስፍራ እንደገና ተሠርቶ፣ ጁን 19 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ በሪዛል የልደት ቀን የተመረቀ ነው። ለሥራው የዋለው ገንዘብ የተዋጣው እንደ እናንተ ካሉ ተማሪዎች ሲሆን፣ በመላው አገር ያሉ ልጆች ሳንቲም በሳንቲም አዋጥተውታል።

ቤቱ ዛሬ ቤተ መዘክር ነው። ደረጃውን ወጥታችሁ ሳሎኑን፣ የመጻሕፍቱን ክፍልና ማድ ቤቱን ካያችሁ በኋላ በጓሮ በኩል ውጡ። የአባቱና የእናቱ ዐፅም ያረፈው በዚያ ነው። ከጓሮው አንድ የውኃ ጕድጓድም ታገኛላችሁ። ከቀድሞው ቤት የተረፈው እሱ ነው፤ ዶሚኒካኖቹ ርስቱን፣ ወታደሮቹም ቤቱን ሲረከቡ ጕድጓዱ በቦታው ቀርቷል።