የዘርን ክር በጨረር የለካች፤ የሮዛሊንድ ፍራንክሊን ሕይወትና ሥራ

ልጅ ከወላጆቹ መልክን፣ ቁመትን፣ የዐይንን ቀለም፣ አንዳንድ ጊዜም በሽታን ይወርሳል። የሰው ልጅ ይህን ከጥንት ጀምሮ በዐይኑ ሲያይ ኖሯል። ውርሱ በምን ላይ ተጽፎ፣ በምን መንገድ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደሚሻገር ግን እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ምሥጢር ሆኖ ቆይቷል። የምሥጢሩ በር የተከፈተው ዲ.ኤን.ኤ. የተባለው ረጅምና ቀጭን ሞለኪውል ምን ዐይነት ቅርጽ እንዳለው በታወቀበት በ1953 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለዚህ ግኝት ሲነገር አስቀድሞ የሚጠራው የጄምስ ዋትሰንና የፍራንሲስ ክሪክ ስም ነው። ሁለቱ ያቆሙት አምሳያ ግን በአብዛኛው ያረፈው በሌላ ሰው ልኬት ላይ ነበር። ያን ልኬት የለካችው ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ናት።

ሮዛሊንድ ሐምሌ 25 ቀን 1920 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደች። ቤተ ሰቧ በባንክ ሥራ የታወቀና የተደላደለ ኑሮ የነበረው የአይሁድ ቤተ ሰብ ሲሆን፣ እርስዋ ከአምስት ልጆች ሁለተኛዋ ነበረች። የተማረችበት የቅዱስ ጳውሎስ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በዚያ ዘመን ፊዚክስንና ኬሚስትሪን ለሴቶች በሚገባ ከሚያስተምሩት ጥቂት ትምህርት ቤቶች አንዱ ነበር። በ1938 ዓ.ም. ካምብሪጅ ዩኒቨርስቲ ገብታ ኬሚስትሪን አጠናች፤ ትምህርቷንም በ1941 ዓ.ም. ጨረሰች። ይሁን እንጂ ዩኒቨርስቲው በዚያን ጊዜ ለሴቶች ከወንዶች እኩል የሆነ ሙሉ ዲግሪ አይሰጥም ነበር።

ዘመኑ የጦርነት ዘመን ስለ ነበረ ወጣቷ ተመራማሪ በ1942 ዓ.ም. የድንጋይ ከሰልን ባሕርይ በሚመረምር ድርጅት ተቀጠረች። ከሰል በውስጡ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ሮዛሊንድ እነዚህ ቀዳዳዎች አንዳንዱን ሞለኪውል እንደሚያሳልፉ፣ ተለቅ ያለውን ደግሞ እንደ ወንፊት እንደሚያስቀሩ በልኬት አሳየች። በዚህም ጥናት በ1945 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለች። ከ1947 ዓ.ም. እስከ 1950 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ በፓሪስ ከዣክ ሜሪንግ ዘንድ ሠራች። በኋላ ስሟን ያስጠራላትን ሙያ፣ ማለትም በኤክስሬይ አማካይነት የቁስን ውስጣዊ አሠራር መመርመርን፣ የተማረችው እዚያ ነው። ፓሪስን እጅግ ወደደች፤ በሥራዋም ደስተኛ ነበረች።

ይህ የምርመራ ዘዴ ምን እንደ ሆነ ቀለል ባለ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። አንድ ሰው በሌሊት ስስ ጨርቅ በዐይኑ ፊት ዘርግቶ ሩቅ ያለ መብራት ቢመለከት፣ መብራቱ በመስቀል ቅርጽ የተደረደሩ ነጠብጣቦች ሆኖ ይታየዋል። ብርሃኑ በድርና በማጉ መካከል ሲያልፍ ስለሚበተን ነው። የጨርቁ ሽመና በጠበበ ቁጥር ነጠብጣቦቹ ይራራቃሉ። ስለዚህ ጨርቁን ራሱን ሳያይ፣ ነጠብጣቦቹን ብቻ ለክቶ በክሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ማስላት ይቻላል። አቶሞች ግን እጅግ የተቀራረቡ በመሆናቸው ተራ ብርሃን አይለያቸውም፤ እንደ ኤክስሬይ ያለ በጣም አጭር ሞገድ ያለው ጨረር ያስፈልጋል። ጨረሩ በናሙናው ውስጥ አልፎ በፊልም ላይ የሚተወው ምልክት የሞለኪውሉ ፎቶግራፍ አይደለም። ትርጉሙ የሚገኘው በስሌት ነው።

ሮዛሊንድ በጥር 1951 ዓ.ም. ሎንዶን ወደሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ ስትመጣ የተሰጣት ሥራ ይህንኑ ዘዴ በዲ.ኤን.ኤ. ላይ ማዋል ነበር። አሜሪካዊው ኦስዋልድ ኤቨሪና ባልደረቦቹ በ1944 ዓ.ም. ባካሄዱት ሙከራ፣ ባሕርይን ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው የሚያስተላልፈው ፕሮቲን ሳይሆን ዲ.ኤን.ኤ. መሆኑን አሳይተው ነበር። ስለዚህ የዚህን ሞለኪውል ቅርጽ ማወቅ የሕይወትን ታላቅ ጥያቄ እንደ መንካት ይቆጠር ነበር። ነገር ግን ሥራው ገና ሲጀመር አለመግባባት ተፈጠረ። የክፍሉ ኃላፊ ጆን ራንዳል የዲ.ኤን.ኤ. የኤክስሬይ ምርመራ የእርስዋ እንደሚሆን ጽፎላት ነበር፤ በዚያው ክፍል አስቀድሞ በዲ.ኤን.ኤ. ላይ ይሠራ ለነበረው ለሞሪስ ዊልኪንስ ግን ይህ በግልጽ አልተነገረውም። እርሱ ረዳት የመጣችለት መሰለው፤ እርስዋ ደግሞ ራሷን የቻለች ተመራማሪ መሆኗን ታውቅ ነበር። አንድ ኃላፊ በግልጽ ሊናገረው ይገባ የነበረ ጉዳይ ሳይነገር ቀርቶ፣ አብረው መሥራት የሚገባቸውን ሁለት ሰዎች እስከ መጨረሻው አራራቃቸው።

ሮዛሊንድ ሬይመንድ ጎስሊንግ ከተባለ ተማሪ ጋር ሥራዋን ጀመረች። በመጀመሪያ ያደረገችው የናሙናውን እርጥበት መቆጣጠር ነው። ከፀጉር የቀጠነውን የዲ.ኤን.ኤ. ክር በካሜራው ውስጥ አስቀምጣ፣ በጨው ውሃ ውስጥ ያለፈ የሐይድሮጅን ጋዝ በዙሪያው እንዲነፍስ ታደርግ ነበር፤ እርጥበቱም እንደ ጨው ውሃው ዐይነት ከፍና ዝቅ ይላል። በዚህ መንገድ ዲ.ኤን.ኤ. ሁለት መልክ እንዳለው አገኘች። ደረቅ ሲል አጠር ወፈር ይላል፤ ይህንን ኤ አለችው። ውሃ ሲጠጣ ይረዝማል፣ ይቀጥናልም፤ ይህኛውን ቢ አለችው። ከእርስዋ በፊት የተነሡት ሥዕሎች የደበዘዙት ሁለቱ መልኮች ስለ ተደባለቁባቸው ነበር።

ውሃ እንደ ልብ ገብቶ መውጣቱ ሌላም ነገር አስተማራት። ውሃ የሚወዱት የስኳርና የፎስፌት ክፍሎች በሞለኪውሉ ውጫዊ ወገን፣ ቤዝ የሚባሉት ክፍሎች ደግሞ በውስጥ መሆን አለባቸው አለች። በ1951 ዓ.ም. መጨረሻ ዋትሰንና ክሪክ በካምብሪጅ ፎስፌቱን በመካከል ያደረገ የሦስት ክር አምሳያ ሠርተው ባሳዩአት ጊዜ፣ ስሕተቱን ወዲያው የነገረቻቸው ይህንን ስለምታውቅ ነው።

በግንቦት 1952 ዓ.ም. እርስዋና ጎስሊንግ የቢን መልክ አነሡ። ፊልሙ 60 ሰዓት ያህል በጨረር ሥር ቆየ። ታጥቦ ሲወጣ በመካከሉ ጥርት ያለ የኤክስ ምልክት ታየ። ይህም 51ኛው ፎቶግራፍ በመባል ታውቋል። ለሚያውቅ ሰው የኤክስ ምልክቱ ሞለኪውሉ እንደ ምንጭ ብረት የተጠመዘዘ መሆኑን ይናገራል። የነጠብጣቦቹ ርቀት ሲለካ ደግሞ ጥምዙ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ34 አንግስትሮም እንደ ሆነ፣ በመካከሉም በየ3.4 አንግስትሮሙ አንድ አንድ ደረጃ፣ በጠቅላላው ዐሥር ደረጃ እንዳለ ያሳያል። አንድ አንግስትሮም የአንድ ሚሊሜትር ዐሥር ሚሊዮንኛ እጅ ነው።

ሮዛሊንድ ግን ይህን ሥዕል ወደ ጎን አስቀምጣ ለብዙ ወራት በኤ መልክ ስሌት ላይ ተጠመደች። የኤ ሥዕል ብዙ ነጠብጣቦች ስለ ነበሩት፣ ያለ ግምት፣ በስሌት ብቻ ወደ እውነት ያደርሰኛል ብላ አምና ነበር። እንዲያውም በ1952 ዓ.ም. በጋ ኤ የተጠመዘዘ መሆኑን እስከ መጠራጠር ደርሳ ነበር። ይህ ስሕተት ብዙ ጊዜ አስከፍሏታል፤ የመጣው ግን ከስንፍና አልነበረም፤ ያልተረጋገጠውን አልናገርም ከማለት የመጣ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ያነጋግራል። በጥር 1953 ዓ.ም. ሮዛሊንድ ኮሌጁን ለመልቀቅ ስትዘጋጅ ዊልኪንስ 51ኛውን ፎቶግራፍ ለዋትሰን አሳየው። በየካቲት ወር ደግሞ ማክስ ፔሩትዝ የኪንግስ ኮሌጅን የሥራ ሪፖርት ለካምብሪጆቹ ሰጣቸው፤ በውስጡም የእርስዋ ልኬቶች ነበሩበት። ሪፖርቱ ምሥጢር ተብሎ የታሸገ ሰነድ አልነበረም፤ ነገር ግን ለሕዝብ የወጣም አልነበረም። የልኬቱ ባለቤት ግን አልተጠየቀችም፤ አልተነገራትምም። ክሪክ ከልኬቷ ሁለቱ ክሮች በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚሄዱ ተረዳ። ዋትሰን ደግሞ ቤዞቹ እንዴት እንደሚጣመሩ አገኘ፤ አዴኒን ከታይሚን ጋር፣ ጓኒን ከሳይቶሲን ጋር። ኤርዊን ቻርጋፍ አዴኒን ከታይሚን፣ ጓኒንም ከሳይቶሲን ጋር በመጠን እኩል መሆናቸውን አስቀድሞ አሳይቶ ነበር።

ሮዛሊንድም በዚያው ወር ሁለቱም መልኮች ጥምዝ መሆናቸውን፣ ክሮቹም ሁለት መሆናቸውን ተቀብላ ነበር። መጋቢት 17 ቀን 1953 ዓ.ም. የሚል ቀን ያለበት የእጅ ጽሑፏ በኋላ ተገኝቷል። የቀራት የቤዞቹ መጣመርና የክሮቹ ተቃራኒ ጉዞ ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን 1953 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው መጽሔት ሦስት ጽሑፎች ተከታትለው ታተሙ፤ የዋትሰንና የክሪክ አንደኛ፣ የዊልኪንስና የባልደረቦቹ ሁለተኛ፣ የእርስዋና የጎስሊንግ ሦስተኛ ሆኖ ወጣ። በዚህ አቀማመጥ የተነሣ፣ ለአምሳያው መሠረት የሆነው ልኬት አምሳያውን ለመደገፍ በኋላ የመጣ ማስረጃ መሰለ።

የተገኘው ቅርጽ ጠመዝማዛ መሰላል ይመስላል። የመሰላሉ ሁለት ቋሚዎች ስኳርና ፎስፌት ናቸው፤ መርገጫዎቹ ጥንድ ጥንድ የሆኑት ቤዞች ናቸው። የመሰላሉ ስፋት 20 አንግስትሮም ያህል ነው። የዚህ ቅርጽ ታላቅነት ሥራውን ራሱ መናገሩ ነው። አዴኒን ከታይሚን በቀር፣ ጓኒንም ከሳይቶሲን በቀር ሌላ ጓደኛ ስለማይቀበል፣ መሰላሉ ከመካከሉ ቢሰነጠቅ እያንዳንዱ ግማሽ የጎደለውን ግማሽ አሟልቶ መሥራት ይችላል። ሕዋስ ከመከፈሉ በፊት የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ሁለቱም ልጅ ሕዋሳት አንድ ዐይነት ውርስ ይዘው ይወጣሉ።

አራቱ ቤዞች ደግሞ እንደ ፊደል ናቸው። ላ እና ባ የተባሉት ሁለት ፊደላት በአንድ ተራ ሲጻፉ ላባ፣ ተራው ሲገለበጥ ባላ ይሆናሉ፤ ፊደሉ ያው ሆኖ ትርጉሙን የለየው ቅደም ተከተሉ ነው። በዲ.ኤን.ኤ.ም ዘንድ መልእክቱ ያለው በቤዞቹ ቅደም ተከተል ነው። አር.ኤን.ኤ. የተባለው መልእክተኛ ቃሉን ገልብጦ ይወስዳል፤ ሕዋሱም ሦስት ሦስት ቤዝ እየቈጠረ፣ ከሃያው የአሚኖ አሲድ ዐይነቶች የታዘዘውን እየመረጠ ፕሮቲን ይሠራል። በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲ.ኤን.ኤ. ተፈትቶ ቢዘረጋ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል።

ሮዛሊንድ በ1953 ዓ.ም. ወደ በርክቤክ ኮሌጅ ተዛውራ በጆን ዴዝሞንድ በርናል ክፍል የቫይረሶችን አሠራር መመርመር ጀመረች። የትምባሆን ተክል የሚያጠቃው ቫይረስ የፕሮቲን ቅንጣቶች ተጠማዝዘው የተደረደሩበት ቱቦ መሆኑን፣ አር.ኤን.ኤ.ውም በባዶው መካከል ሳይሆን በፕሮቲኑ ውስጥ ተቀብሮ እንደሚገኝ አሳየች። ብዙዎች በኪንግስ ኮሌጅ ከቆየችበት ጊዜ ይልቅ በዚህ ዘመኗ ደስተኛ እንደ ነበረች ይመሰክራሉ። ከክሪክና ከባለቤቱም ጋር ወዳጅነት መሠረተች።

በ1956 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄዳ ሳለ ሕመም ተሰማት። ስትመለስ የእንቁላል ማኅፀን ነቀርሳ መሆኑ ታወቀ። ተደጋጋሚ ሕክምና እየተደረገላት፣ ደረጃ መውጣት እስኪያቅታት ድረስ ሥራዋን አላቋረጠችም፤ በዚሁ ጊዜ የልጅነት ልምሻን የሚያመጣውን የፖሊዮ ቫይረስ መመርመር ጀመረች። ሚያዝያ 16 ቀን 1958 ዓ.ም. በሠላሳ ሰባት ዓመቷ በሎንዶን ዐረፈች። በማግሥቱ በብራሰልስ የተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን እርስዋ ያዘጋጀችውን የቫይረስ አምሳያ ለሕዝብ አሳየ።

በ1962 ዓ.ም. ዋትሰን፣ ክሪክና ዊልኪንስ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። አስቀድሞ የሞተ ሰው ለሽልማቱ ስለማይታጭ እርስዋ ከተሸላሚዎቹ አንዷ ልትሆን አልቻለችም። ዋትሰን በ1968 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ቁጡና የራሷን ማስረጃ መተርጐም የማትችል ሴት አስመስሎ አቀረባት፤ ከዚያ በኋላ ወዳጆቿ ማስታወሻዎቿን እያወጡ እውነቱን ማስረዳት ጀመሩ። የሥራ ባልደረባዋ አሮን ክሉግ፣ አብረው በጀመሩት መንገድ ሄዶ በ1982 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አገኘ። በ2023 ዓ.ም. ሁለት የታሪክ ተመራማሪዎች ያወጧቸው ሰነዶች ደግሞ፣ ሮዛሊንድ የተበደለች ረዳት ብቻ ሳትሆን ለግኝቱ እኩል አስተዋጽዖ ካደረጉት አራት ሰዎች አንዷ ተደርጋ መታየት እንደሚገባት አመልክተዋል።

ከዚህ ታሪክ ማንም ባለሙያ የሚወስደው ትምህርት አለ። አምሳያ የሚያቆም ያስፈልጋል፤ ደፍሮ የሚገምትም ያስፈልጋል። ነገር ግን ግምት እውነት የሚሆነው በትክክል የለካ ሰው ሲኖር ነው። የዚያን ሰው ልኬት የሚጠቀም ሁሉ ባለቤቱን አስቀድሞ ሊጠይቅ፣ ስሙንም በተገቢው ቦታ ሊጽፍ ይገባዋል። ይህ በጊዜው ሳይደረግ ሲቀር፣ የሮዛሊንድ ፍራንክሊን ታሪክ እንደሚያሳየው፣ የአንድን ሰው ድርሻ ለማስመለስ የብዙ ሰው ድካምና የብዙ ዓመት ዕድሜ ይጠይቃል፤ ባለቤቱ ግን ያን ቀን ሳያይ ያልፋል።