ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ፥ ክራርን ያስከበሩ እመቤት

በአገራችን ዘፈን የማይወድ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በሠርጉም ሆነ በድግሱ ዘፋኝ ካልተገኘ ደስታው እንደ ጎደለ ይቈጠራል። ነገር ግን ይኸው ዘፈን ወዳዱ ሰው፥ ልጁ ዘፋኝ ልሁን ብላ የተነሣች እንደ ሆነ ፊቱን የሚያጠቍር፥ ዘመድ ሰብስቦ የሚያስመክር ነበር። ዘፈኑን ወድዶ ዘፋኙን መናቅ ለብዙ ዘመን አብሮን የኖረ ልማድ ነው። ለዛሬ እሑድ ለአንባብያን የምናቀርበው የሕይወት ታሪክ ይህን ልማድ በሞያቸው የተጋፈጡ የአንዲት ሴት ታሪክ ነው።

ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ የተወለዱት በ1927 ዓ. ም. ገደማ፥ ከጠላት ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ በአዲስ አበባ ከተማ ስድስት ኪሎ በሚባለው ሰፈር ነው። እናታቸውን ገና በሕፃንነታቸው በሞት ስላጡ ያደጉት በሌላ ሰው እጅ ነው። ክራር መደርደርን ያስተማራቸው መምህር አልነበረም፤ ጆሯቸው የሰማውን ጣታቸው እየተከተለ በራሳቸው ጥረት የተማሩት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ክራር ጥቂት መናገር ይገባናል። በገና የንጉሥ ዳዊት መሣሪያ ነው ተብሎ ስለሚታመን በመኳንንቱም በካህናቱም ቤት ሲከበር ኖሯል። ክራር ግን ምንም እንኳ በቅርጹ የበገና ታናሽ ወንድም ቢመስል፥ የመጠጥ ቤትና የፍቅር ጨዋታ ማድመቂያ በመሆኑ የሰይጣን መሣሪያ እስከ መባል ደርሶ ነበር። ትዝታን፥ ባቲን፥ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በአምስት ወይም በስድስት ክሮች የሚያናግር መሣሪያ ይህን የመሰለ ስም ሲሸከም፥ ተጫዋቿ ሴት ስትሆን ደግሞ ሐሜቱ እጥፍ ይሆን ነበር።

ወይዘሮ አስናቀች ግን በክራሩ ብቻ አልተወሰኑም። በአገራችን ዘመናዊ ቴአትር በተጀመረበት ጊዜ ሴት መድረክ ላይ ወጥታ ቃለ ተውኔት መናገሯ እንደ ነውር ይታይ ስለ ነበር፥ የሴቶቹን ቦታ የሚይዙት ቀሚስ የለበሱና ሻሽ ያሰሩ ወንዶች ነበሩ። ተመልካቹም በጢማሙ ሙሽራ እየሳቀ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ወይዘሮ አስናቀች በ1940ዎቹ አጋማሽ፥ ዕድሜያቸው ሃያ ሳይሞላ፥ ወደ ቴአትር ሥራ ገቡ፤ ስለዚህም በአገራችን መድረክ የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይት እየተባሉ ይጠራሉ። በ1948 ዓ. ም. የዘውድ በዓሉ 25ኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ድርሰት በ«ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ይህ ቤት ለወይዘሮ አስናቀች የረጅም ዘመን የሥራ ቤታቸው ሆነ።

ቀን የቴአትር ሰው፥ ማታ የክራር እመቤት ነበሩ። ዘፈናቸውን ለሰማ ሰው ድምፃቸው የታላቅ ድምፅ ዓይነት አይደለም፤ ቀጠን ያለ፥ ከንግግር ብዙም ያልራቀ ነው። ብርታታቸው ቃሉን በማሽሞንሞናቸው፥ ሰም ለበስ ግጥም በመደርደራቸው፥ አንዳንዴም በዘፈኑ መካከል ሳቅ ጣል በማድረጋቸው ነው። በዓይናቸውና በትከሻቸውም ይዘፍኑ ነበር። «እንደ ኢየሩሳሌም» የተባለው ዘፈናቸው እስከ ዛሬ ይሰማል።

ወደ ምሽት ቤት መሄድን የሚያፍር ጨዋ ቤተ ሰብ ደግሞ በራዲዮ ያደምጣቸው ነበር። ድምፅን ያለ ሽቦ የሚያደርሰውን መሣሪያ የአገራችን ሰው ነፋስ ስልክ ብሎታል፤ በደቡብ አዲስ አበባ ያለው ሰፈርም ይህንኑ ስም እንደ ያዘ ቀርቷል። እንግዲህ በሩን ለአዝማሪ የዘጋ ቤት ሁሉ የአዝማሪዋን ድምፅ ነፋሱ ያስገባለት ነበር ማለት ነው።

ይህ ዓይነቱ ነገር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። ወይዘሮ አስናቀች መድረክ በያዙባቸው በእነዚያው ዓመታት፥ በአሜሪካ ዶሮቲ ዳንድሪጅ የተባለች ጥቁር የምሽት ክበብ ዘፋኝና የፊልም ተዋናይት ነበረች። «ካርመን ጆንስ» በተባለው ፊልም በሠራችው ሥራ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1955 ዓ. ም.፥ ለኦስካር የመሪ ተዋናይት ሽልማት የታጨች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ሆኖም በዚያው ፊልም ውስጥ የዘፈኑ ድምፅ የእርሷ ሳይሆን የሌላ ዘፋኝ እንዲሆን ተደርጓል። በዚያ ዘመን ጥቁሮች በሚዘፍኑባቸው ታላላቅ ሆቴሎች ብዙ ጊዜ ማደር አይፈቀድላቸውም ነበር። ዶሮቲ በ1965 ዓ. ም. በ42 ዓመቷ ስትሞት ገንዘቧ አልቆ ነበር። በዚያ አገር በሩን የዘጋው የቆዳ ቀለም ነው፤ በእኛ አገር ግን የሞያ ንቀት ነበር። ዘፈኑ ይግባ፥ ዘፋኟ ትቅር ማለቱ ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

ወደ ወይዘሮ አስናቀች እንመለስ። በ1960ዎቹ ዓመታት ድምፃቸው በሸክላና በካሴት ተቀርጾ ለገበያ ቀረበ። ነገር ግን ደርግ ሥልጣን በያዘ ጊዜ የሰዓት እላፊ ታወጀና የአዲስ አበባ የምሽት ጨዋታ ለብዙ ዓመታት ተዳከመ። መሸት ሲል ከተማው ጭር በሚልበት በዚያ ዘመን፥ ኑሮው በምሽት ላይ የተመሠረተ ባለሞያ ምን ያህል እንደ ተጐዳ ለመገመት አያዳግትም።

ስማቸው እንደ ገና የተነሣው ከባሕር ማዶ ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2003 ዓ. ም. በፓሪስ የሚታተመው «ኢትዮጲክስ» የተባለው የሙዚቃ ተከታታይ 16ኛ ቍጥሩን ሙሉ በሙሉ ለእርሳቸው ሰጠ፤ ርእሱም ባለ ክራሯ እመቤት የሚል ትርጕም ያለው ነው። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ አስናቀች ዕድሜያቸው ገፍቶ ነበር፤ ኋላም ታመው አልጋ ላይ ዋሉ። በመስከረም ወር 2004 ዓ. ም. በሰባዎቹ ዕድሜያቸው ዐረፉ። ራሔል ሳሙኤል ስለ ሕይወታቸው ያዘጋጀችው «አስኒ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ለሕዝብ የታየው እርሳቸው ካለፉ በኋላ ነው።

ዛሬ ሴት ልጅ ቴአትር ላይ ብትሠራ፥ በቴሌቪዥን ክራር ብትደረድር ማንም አይደነቅም። ወጣቶቻችን ይህን እንደ ተፈጥሮ ነገር አድርገው ሊያዩት ይችላሉ፤ ነገር ግን አስቀድማ የተሰደበች ሴት ባትኖር ኖሮ የኋለኛዎቹ አይመሰገኑም ነበር። በዚህ ጽሑፍ ወይዘሮ አስናቀችን አንቱ እያልን መጥራታችንም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጨዋታቸው የተደሰተው ሕዝብ በሕይወት ሳሉ ሊሰጣቸው ይገባ የነበረ ክብር ስለ ሆነ ነው። እርሳቸው አልፈዋል። በየመድረኩና በየምሽት ቤቱ ዛሬም የሚያጫውቱን ግን በሕይወት አሉና፥ ጭብጨባችንን ስንለግሣቸው አክብሮታችንን አብረን ብንሰጣቸው መልካም ነው እንላለን።